የአሮጌ ስፖርት መኪና ሻንሲ ዝገትና ጥገናው

የሸቀጥን ዋጋ የሚያጸናው መልኩ ሳይሆን ጥንካሬው መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጥንካሬ ከመልክ በታች ተሰውሮ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ለመመርመር የማይተጋ ገዢ ገንዘቡን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ የታወቀ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እንመልከት።

ትራያምፍ ቲ አር 6 የተባለው መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1976 ዓ.ም. በኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ ነበር፤ ከተሠሩትም የሚበዙት ለአሜሪካ ገበያ ተልከዋል። ዛሬም የድሮ መኪና ወዳጆች ይፈልጉታል። የመኪናው ቦዲ ለብቻው ተሠርቶ በሻንሲው ላይ በቡሎን የታሰረ ነው። ሞተሩን፥ ዲፈረንሻሉንና የእግሮቹን ማሰሪያ የሚሸከመው ሻንሲው ነውና፥ ቀለሙ ቢያበራ፥ ወንበሩም አዲስ ቆዳ ቢለብስ፥ ሻንሲው ከዛገ ነገሩ አልጋ ሲሉት አመድ ይሆናል።

ሻንሲው ከብረት ላሜራ የተበየደ፥ ውስጡም ባዶ የሆነ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከውሃና ከጭቃ ጋር ወደ ውስጥ ይገባና ዝገቱን ያፋጥነዋል። በተለይ የኋላ እግሮች ክንድ በሚታሰርበት ስፍራ ላሜራ በላሜራ ላይ ስለ ተደረበ ውሃ ያቁራል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፥ የተደረቡትን ላሜራዎች እየፈለቀቀ ይለያያቸዋል። የዲፈረንሻሉ መያዣዎችም የመሰንጠቅ ልማድ አላቸው።

ስለዚህ መርማሪው መኪናውን በጽኑ መደገፊያ ላይ አሳርፎ፥ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ይምታ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን የደነቈረ ድምፅ ያሰማል፥ በወስፌም ሲወጉት ይበሳል።

የጥገናው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ባትሪው ይለያል፤ ከወንበሮቹ በስተኋላ ያለው የቤንዚን ታንክም ይወጣል፤ የብየዳ እሳት ከቤንዚን ትነት ጋር ከተገናኘ ይፈነዳልና። ቦዲው ከመነሣቱ በፊት የበሮቹ ክፍተት በብረት ዘንግ ይወጠራል፤ ያለዚያ ቦዲው ተጣሞ በሮቹ አይገጥሙም። ከዚያም ሻንሲው በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ፥ የቀኙና የግራው ልክ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለካል። ሳይለካ የተቈረጠ ሻንሲ ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

የዛገው ክፍል ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቈርጦ ይወጣል፤ በምትኩም እኩል ውፍረት ያለው ላሜራ ይበየዳል። በዝገት ላይ ላሜራ መለጠፍ ጥገና ሳይሆን ሽንገላ ነው፤ ዝገቱ ከሥር ሆኖ መብላቱን አያቆምምና። ሙቀት ብረትን ስለሚያጣምም፥ በያጁ በአጭር በአጭሩ፥ ስፍራ እየለዋወጠ ይበይድ። በመጨረሻ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ውጪው ይቀባል፤ የብየዳው ሙቀት የውስጡን ቀለም ስለሚያቃጥል፥ በባዶው ክፍል ውስጥ ዝገት የሚከላከል ሰም ይረጫል።

ለንግድ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው። ቦዲው ተነሥቶ ሻንሲው ሳይጸዳ የጥገናውን ዋጋ ቈርጦ መዋዋል ለሁለቱም ወገን የጠብ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የምርመራው ዋጋ ብቻ ይወሰን። ጥገናው ሲካሄድም በየደረጃው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ መልካሙንና ክፉውን ብየዳ በዓይን መለየት ያስቸግራልና። ይህን ማስረጃ ለገዢው የሚያሳይ ሻጭ መኪናውን በተገቢው ዋጋ ይሸጣል፤ ስሙንም ያስከብራል። ዝገትን በቀለም ሸፍኖ የሚሸጥ ግን ያተረፈ ቢመስለውም፥ የሰው ሕይወት በእጁ እንዳለ ይወቅ።