ጠላቂ የውሃ ፓምፖች፤ ዓይነታቸውና አመራረጣቸው

በድርቅ ጊዜ ምንጭና ኩሬ ሲነጥፉ ለሕዝቡና ለከብቱ የሚቀረው ተስፋ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓድ መቆፈሩ ብቻውን ውሃ አያጠጣም። ለጉድጓዱ የማይስማማ ፓምፕ ተተክሎ ሥራውን ሲያቆም፣ ውሃውን ተማምኖ የሰፈረው ሕዝብ እንደገና ለስደት ይዳረጋል።

ከመሬት በላይ የሚተከል ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ረዳትነት ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር እምብዛም ከሚበልጥ ጥልቀት መሳብ አይችልም፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያንሳል። ጠላቂ ፓምፕ ግን ከነሞተሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋ ይህ ወሰን አያግደውም። እንደ ኦጋዴን ባሉ ቆላማ አካባቢዎች፣ የጉድጓድ ጥልቀት ከ200 ሜትር ሊያልፍ በሚችልበት ቦታ፣ ተፈላጊነቱ ከዚህ የመነጨ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ ባለ ብዙ ደረጃ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ፤ በአንድ ዘንግ ላይ የተደራረቡ ተሽከርካሪ ክንፎች እያንዳንዳቸው ግፊት ይጨምራሉ። ለጥልቅ ጉድጓድና ለብዙ ሕዝብ ይስማማል፤ አሸዋ ግን ክንፎቹን ቶሎ ይበላቸዋል።

ለ/ ባለ ጠመዝማዛ ዘንግ ፓምፕ፤ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ በጎማ ማቀፊያ ውስጥ እየዞረ ውሃውን ይገፋል። የሚያወጣው መጠን አነስተኛ ቢሆንም በዝግታ ሲዞርም ውሃ ስለሚያደርስ ለፀሐይ ኃይል ይመቻል። ያለ ውሃ ከዞረ ጎማው ይበላሻል።

ሐ/ የማፋሰሻ ፓምፕ፤ የጎርፍና የጭቃ ውሃ ከጉድጓድና ከምድር ቤት ለማውጣት የሚያገለግል ሲሆን ለጥልቅ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አይሆንም።

ምርጫው ከጉድጓዱ አቅም መነሣት አለበት። በቅድሚያ በሙከራ ሊታወቅ የሚገባው ጉድጓዱ በሰዓት የሚሰጠው መጠንና ውሃው በሚወጣበት ጊዜ ወለሉ የሚወርድበት ጥልቀት ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 2 ሊትር ውሃ በጠቅላላው 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ለውሃው ብቻ 2 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ የፓምፑና የሞተሩ ብቃት በአንድነት 50 በመቶ ቢሆን 4 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ከዚህ እጅግ ስለሚልቅ ጄኔሬተሩ በዚያው ልክ መመረጥ ይኖርበታል። ይኸው ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 57,600 ሊትር ያወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢታሰብ ለ3,840 ሰዎች ይበቃል፤ የከብቱ ድርሻ ለብቻው መደልደል አለበት።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ ነው። ከጉድጓዱ አቅም በላይ የሆነ ፓምፕ የውሃውን ወለል ከመሳቢያው በታች ስለሚያወርድ ሞተሩ ይቃጠላል። ይህን ለመከላከል ውሃ ሲጎድል ኃይሉን የሚያቋርጥ መሣሪያ ሊገጠም ይገባል። የተበላሸ ጠላቂ ፓምፕ ቧንቧውና ኬብሉ ሁሉ በማንሻ መሣሪያ ተጎትቶ ሳይወጣ አይጠገንም። በመሆኑም መለዋወጫ ፓምፕ፣ ማንሻና የሠለጠነ ባለሙያ ሕዝቡ ከመስፈሩ አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡ የዕቅዱ ክፍሎች ናቸው።