መስከረምና አፍንጫችን

ክረምቱ ሲወጣ በየክፍሉ ማስነጠሱ ይበዛል፤ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ማለት እስኪሰለቸን ድረስ! ሰው ሁሉ «ሳይነስ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአፍንጫ አለርጂ ነው። ጉንፋን በሳምንት በ10 ቀን ይለቃል። አለርጂ ግን ሳያተኩስ አፍንጫና ዓይን እያሳከከ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ እያወረደ ሳምንታት ይቆያል።

ብዙዎቻችን አደይ አበባን እንከሳለን። ምስኪን አደይ! ብናኟ የሚጣበቅ ስለሆነ በአብዛኛው በንብና በሌሎች ነፍሳት ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ዋናው ተጠርጣሪ አበባው እንኳን ልብ የማይባለው ሣር ነው። በሐይቁ ዳር፣ በታቦር ተራራ ሥር፣ በግቢያችን አጥር ጥግ ያለው ሣር ሲያብብ ቀላል ብናኙን ነፋስ ይበትነዋል። ቻርልስ ብላክሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ራሱ ሕመሙ ስለነበረበት የሣር ብናኝ በራሱ ላይ እየሞከረ አጥንቶ በ1873 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ጎበዝ ነው መቼም!

አሁን ወደ ስፕሬዩ። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኙት አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስሏችሁ። እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለው የታፈነ አፍንጫን በደቂቃዎች ይከፍታል። ደስ ይላል፣ ግን ከ5 ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫው መልሶ ይታፈናል፤ ሰውየው ደግሞ ይጨምራል፣ እንደገና ይታፈናል። እንደ ፍሉቲካሶን ያለው ግን አለርጂው ያመጣውን እብጠት ራሱን ይቀንሳል። ሐኪም ባዘዘው መጠን በየቀኑ ይወሰዳል፤ በደንብ እስኪሠራ እስከ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። «አልሠራልኝም» ብሎ በ2ኛው ቀን የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

አነፋፉም ዘዴ አለው። መጀመሪያ ተናፈጡ፣ ጠርሙሱን ነቅንቁ፣ አንገታችሁን ትንሽ ደፋ አድርጉ። ቀና ማለት የለም! በቀኝ እጅ ለግራ ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ለቀኝ ቀዳዳ። ለምን መሰላችሁ? ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል እንዲያይ ነው፤ አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ከተነፋ ይቆስላል፣ ይደማል። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ፤ በኃይል ከሳባችሁት መድኃኒቱ ጉሮሮ ይወርዳል። ስፕሬይ ደግሞ እንደ እስክሪብቶ አይዋዋሱትም።

ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካፏጨ ግን አስም ሊሆን ስለሚችል ለወላጅ ወይም ለመምህር ነግሮ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የጤና ዓምድ