የወደቀ አክሲዮን «ይነሳል» ብሎ መግዛት፦ ንግድ ነው ወይስ ዕድል መሞከር?



ንግድ ሐላል፣ ወለድና ቁማር ደግሞ ሐራም መሆናቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ችግሩ የሚመጣው ቁማሩ የንግድ ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ተከፍቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በእጅ ስልካቸው አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከወዲሁ ልናጠናው ይገባል። ሊከስር የተቃረበ ድርጅትን አክሲዮን «ረክሷል፣ ነገ ይነሳል» ብሎ መግዛት ምን ዓይነት ሥራ ነው?

አክሲዮን ምንድን ነው?

አክሲዮን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሽርክና ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው በድርጅቱ ንብረት ላይ በድርሻው ልክ ተካፋይ ይሆናል። ትርፍ ሲገኝ ይካፈላል። ድርጅቱ ሲከስር ግን ተራው የመጨረሻ ነው። ከንብረቱ ሽያጭ መጀመሪያ የሚከፈላቸው መያዣ የያዙ አበዳሪዎች ናቸው። ከዚያ ሠራተኛው፣ መንግሥትና ዕቃ በዱቤ ያቀረቡ ነጋዴዎች እንደየደረጃቸው ይከተላሉ። ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚተርፍ ነገር የለም።

ሁለት ድርጅቶች፣ አንድ ትምህርት

በአሜሪካ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ የሚባል የአንሶላ፣ የፎጣና የወጥ ቤት ዕቃ መሸጫ ድርጅት ነበር። በ1971 ተመሥርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮች የነበሩት ነው። ሽያጩ እየቀነሰ፣ ዕዳው እየከበደ ሄደ። በ2022 ግን ብዙ ተራ ሰዎች «ይነሳል» ብለው አክሲዮኑን ተሻሙበት፤ በነሐሴ ወር ዋጋው ከ20 ዶላር አለፈ። ብዙ ድርሻ የነበረው አንድ ታዋቂ ባለሀብት ድርሻውን በሙሉ መሸጡ ሲሰማ ዋጋው በአንድ ቀን 40 በመቶ ያህል ወደቀ። ድርጅቱ በሚያዝያ 2023 የኪሳራ ከለላ ለማግኘት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ይህ ከሆነም በኋላ አክሲዮኑን በሳንቲም የሚገዛ ሰው አልጠፋም። በመስከረም 2023 አክሲዮኖቹ በሙሉ ተሰረዙ። ባለአክሲዮኖች ያገኙት ምንም ነገር የለም።

«ኸርዝ ግን ተነስቷል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የመኪና አከራዩ ኸርዝ በግንቦት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። አክሲዮኑ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ በሰኔ መጀመሪያ ከ5 ዶላር በላይ ወጣ። ድርጅቱ ራሱ ለሽያጭ ባዘጋጀው ሰነድ ላይ አክሲዮኑ ዋጋ ቢስ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም በ2021 ጉዞ ተከፈተ፣ ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ናረ፣ ድርጅቱን ለመግዛት ባለሀብቶች ተወዳደሩ፤ ባለአክሲዮኖችም ገንዘብና አዲስ ድርሻ አገኙ። ይህን ግን በ2020 ማን ያውቅ ነበር? ቁማርተኛም አንዳንዴ ያሸንፋል። ማሸነፉ ሥራውን ንግድ አያደርገውም።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

አንዳንዱ ገዢ «ድርጅቱ እንዲያንሰራራ እያገዝኩ ነው» ይላል። በገበያ ላይ አክሲዮን ስንገዛ ግን ገንዘባችን የሚሄደው ወደ ድርጅቱ ሳይሆን ለመውጣት ወደሚቸኩለው ሻጭ ኪስ ነው። ድርጅቱ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣም የሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ወደ አበዳሪ ያልፋል። ቤድ ባዝ በ2023 መጀመሪያ በዚህ መንገድ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር፤ ከከለላው አላዳነውም። ችግር ላይ የወደቀን ሱቅ መዝገቡን መርምሮ፣ ገንዘብና ጉልበት ጨምሮ የሚያነሳ ነጋዴ የተመሰገነ ነው። ዋጋ ብቻ እያየ ከእሱ ኋላ የሚመጣን ገዢ የሚጠብቅ ሰው ግን ከዚያ ነጋዴ ጋር አይተካከልም።

የሸሪዓው ሚዛን

ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ ከልክሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ውጤቱ የማይታወቅ፣ ማታለል የተቀላቀለበት ሽያጭን (ገረርን) መከልከላቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ሐላል ሥራ የሚሠራ ድርጅትን አክሲዮን ፈቅዷል። ሥራው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ በወለድ የሚገባ ድርጅት ላይ ግን መሠረቱ ክልከላ ነው ብሏል። አክሲዮንን በወለድ ብድር መግዛትንም ከልክሏል።

መቀመጫው ባሕሬን የሆነው፣ አአዮፊ በመባል የሚታወቀው የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት ደግሞ ሰፋ ያለ መንገድ ይዟል። የወለድ ዕዳው ከድርጅቱ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። 300 ሚሊዮን የወለድ ዕዳ ያለበት፣ በገበያ 1,500 ሚሊዮን የሚያወጣ ድርጅት ዕዳው 20 በመቶ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ አንድ አምስተኛ ቢወርድ፣ ያው ዕዳ 100 በመቶ ይሆናል! ስለዚህ ትናንት የተፈቀደው አክሲዮን «ረከሰ» በተባለበት ሰዓት ከመስፈርቱ ሊወጣ ይችላል። ርካሽነቱን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያይም።

ከመግዛታችን በፊት

1ኛ፣ የድርጅቱ ሥራ ሐላል ነው? የወለድ ዕዳው ስንት ነው?

2ኛ፣ የሒሳብ ሪፖርቱን አንብቤ ተረድቻለሁ? ካልሆነስ የሚረዳ ታማኝ ባለሙያ ጠይቄያለሁ?

3ኛ፣ ገበያው ለሁለት ዓመት ቢዘጋና መሸጥ ባልችል፣ የዚህ ድርጅት ሸሪክ ሆኜ መቆየት እፈልጋለሁ?

4ኛ፣ ገንዘቡ በሙሉ ቢጠፋ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ወይም የሰው አማና ይነካል?

ሦስተኛው ጥያቄ ነጋዴውን ከቁማርተኛው ይለያል። መልሱ «አልፈልግም፣ ዋጋው እስኪወጣ ብቻ ነው» ከሆነ፣ የምንገዛው ድርጅቱን ሳይሆን የሌላ ሰውን ስህተት ነው።

ዋጋ ይጨምራል ብሎ ተስፋ ማድረግ በራሱ ሐራም አይደለም፤ ነጋዴ ሁሉ ያደርገዋል። ነገር ግን ዕውቀት የሌለው ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። በቤድ ባዝ የጠፋው ገንዘብ የትልልቅ ባለሀብቶች ብቻ አልነበረም፤ ተራ ሰዎች ከደመወዛቸው ያጠራቀሙትም ነበረበት። ገንዘብ ከየት እንደመጣና በምን ላይ እንደዋለ የምንጠየቅበት አማና ነውና፣ ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።