ሰውን በዘሩና በእጁ ሥራ ስለ መናቅ

አንባቢ ሆይ፥ በደብረ ታቦር በገበያ ቀን ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ጥቂት ቁመህ ተመልክተህ እንደ ሆነ ይህን ነገር አይተኸዋል። ገዢው ጀበናውን በጣቱ መትቶ ድምፁን ይሰማል፤ ምጣዱንም ወደ ብርሃን አንሥቶ ስንጥቅ እንዳለበት ይመረምራል፤ ዋጋውን ተከራክሮ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዚያ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ከልጆቹ ጋር ይበላል፥ በዚያም ጀበና የተፈላውን ቡና ይጠጣል፥ ጎረቤትም ይጠራበታል። ነገር ግን ጀበናውን የሠራችው ሴት በደጁ ስታልፍ ውኃ ብትለምነው፥ ውኃውን በምን ዕቃ እንደሚሰጣት ያስባል። የእጇን ሥራ በየቀኑ እየዳሰሰ እጇን ይፈራል። ይህ ልማድ እንደ ቀድሞው በሁሉ ቤት ባይገኝም ጨርሶ አልጠፋም፤ ጠፍቶስ ቢሆን ይህን ለመጻፍ ባልተነሣሁም።

በበጌምድርና በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው ከጥንት ጀምሮ ሲናቁ ኖረዋል። ጠይብ የሚለው ስም የብልኀተኛ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። ሕፃን ቢታመም ቡዳ በላው ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ቢጮኽ ቀጥቃጩ ጅብ ሆኖ ወጣ ተባለ። ሌላው ሰው ፈላሻ እያለ ይጠራቸው የነበሩት ቤተ እስራኤል ማረሻና ሸክላ እየሠሩ አገሩን ሲያገለግሉ ይህ ሐሜት ከሁሉ ይልቅ በእነርሱ ላይ ከበደ። በጣና ዳር የሚኖሩትም ወይጦዎች ታንኳ በመሥራት የታወቁ ሲሆኑ፥ አባቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ በሉ ተብሎ ከማዕድ ተለዩ። መልኩ የጠቆረውንም ሰው፥ ወላጆቹ ከወዴት እንደ መጡ ሳይጠይቁ፥ ባሪያ ብሎ መጥራት ለብዙዎች እንደ ቀልድ ነበር፤ ዛሬም ይህን ቃል በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከደብረ ታቦር እጅግ ሳይርቅ ያለውን ጋፋትን ለምን ረሳነው? ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዜል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት ተምረው የመጡትን ሰዎች፥ ቫልድማየርንና ዛልሙለርን ባልንጀሮቻቸውንም፥ በዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ተሠራ፤ ክብደቱም ወደ 7 ሺሕ ኪሎ ይጠጋል ይባላል። መንገድ እየተጠረገለት እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጐተተ። ንጉሡም ፈረንጆቹን ቀጥቃጮች ልብስ አለበሱአቸው፥ ሸለሙአቸውም። እንግዲህ አስተውል፤ በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን፥ እሳትና ብረት የሚነካ ነጭ ሰው ተሸላሚ ሲሆን፥ እሳትና ብረት የሚነካ የአገር ልጅ ጅብ ተባለ። እጁ የነካው ነገር አንድ ነው፤ የተለየው የእጁ መልክና የአባቱ ስም ብቻ ነው። (መድፍ መሥራት ለክርስቲያን የሚገባ ሥራ ነውን? የሚል ጥያቄ ቢነሣ እርሱ ሌላ ትምህርት ያሻዋል፤ ሠሪዎቹም ራሳቸው በፈቃዳቸው አልጀመሩትም።)

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ እንዳልሆን ልናገር። በልጅነቴ በተማርሁበት አዳሪ ቤት እናቱ ሸክላ የምትሠራ አንድ ልጅ ነበረ። ውኃ የምንጠጣበት ቆርቆሮ ኩባያ አንድ ሲሆን በተራ እንቀባበለው ነበር። እርሱ ሲጠጣ ግን የሚቀጥለው ልጅ ኩባያውን ሁለት ጊዜ በአመድ ያጥበዋል። ይህን ያስተማረን መምህር የለም፤ ከየቤታችን ይዘነው መጣን። አንድ ቀን ተራው ከእኔ በፊት ደረሰ፤ እኔም በፊቱ አመድ አነሣሁ። እርሱም ምንም ሳይናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምንጩ በእጁ እየጨለፈ መጠጣት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ወንጌል አነብ ነበር፥ መዝሙርም እዘምር ነበር።

ያን ጊዜ ያነበብሁት መጽሐፍ ዝም አላለም ነበር። በማርቆስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የናዝሬት ሰዎች በጌታችን የተሰናከሉት እጁ የእንጨት ሠራተኛ እጅ ስለ ሆነ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ በ12ኛው ምዕራፍ ደግሞ ማርያም በወንድምዋ በሙሴ ላይ አፏን የከፈተችው ስለ ኢትዮጵያዊት ሚስቱ ነው፤ ለምጽም የወጣው በተናቀችው ሴት ላይ ሳይሆን በናቀችው ላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ምዕራፍ ለመጥቀስ እንወዳለን፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ራሳችንን በሙሴ ሚስት ስፍራ እናቆማለን እንጂ በማርያም ስፍራ አናቆምም።

በሙሴ ሚስት ስፍራ የቆምንበት ጊዜ እንዳለ እውነት ነው። ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ፥ ጠጕራቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኞች በመንገድ ላይ በዱላ ደብድበው ገደሉት። ከጎንደር ወጥተው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤልም፥ በዚህ ስለ እሳታቸው የተፈሩት፥ በዚያ በቆዳቸው ተለዩ። ለበሽተኛ ብለው የሰጡት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበር በ1988 ዓ.ም. በታወቀ ጊዜ እልፍ አእላፍ ሆነው በኢየሩሳሌም አደባባይ ጮኹ። በዚህ የውኃ ኩባያ፥ በዚያ ደግሞ ደም፤ ዕቃው ተለወጠ እንጂ ፍርሃቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ስፖርተኞች እመጣለሁ፤ ወጣቶች አንባቢዎቼ ከሰባኪ ይልቅ እነርሱን እንደሚሰሙ አውቃለሁና። በ1949 ዓ.ም. በየካቲት ወር ግብጽ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር ሊመሠርቱ በካርቱም ተሰበሰቡ። የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች፥ የምንልከው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ይሆናል፥ ነጭና ጥቁር አብረው አይጫወቱም አሉ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። ለኢትዮጵያ ከቆሙት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የዚያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ዘረኝነትን በዓለም የስፖርት ሸንጎ ሁሉ ተከራከሩ። የእኛ ቡድን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሊጫወት ተመድቦ ስለ ነበር ያለ ጨዋታ ለመጨረሻው ደረሰ፤ በዚያም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

በ1960 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ሸንጎ ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮ ሊጠራ በፈቀደ ጊዜ አንሄድም ብለው አስቀድመው ከተነሡት መካከል ኢትዮጵያና አልጄሪያ ነበሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ፥ ጥሪውም ተሻረ። በዚያው በሜክሲኮ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ጫማ አውልቀው በሽልማት መደብ ላይ ጓንት የለበሰ እጃቸውን አነሡ፤ ስለዚህም ከቡድናቸው ተባረሩ። ከአጠገባቸው የቆመው ነጭ አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን እጁን አላነሣም፤ ስለ ሰው መብት የሚናገረውን ምልክታቸውን ግን በደረቱ ለጠፈ። ከአራት ቀን በኋላ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ።

ዋጋው ከሁሉ ይልቅ የሚታየኝ ግን በምሩጽ ይፍጠር ነው። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10 ሺሕ ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ ለሞንትሪያል ሲጠበቅ፥ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን በደቡብ አፍሪካ ስለ ተጫወተ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፥ ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩጽ በዚያ ዓመት አልሮጠም። የሯጭ ጕልበት እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም፤ አራት ዓመት ለእርሱ የዕድሜው እኩሌታ ነው። አይቶአቸው ስለማያውቅ የሶዌቶ ልጆች ይህን ከፈለ፤ ውሳኔው የመንግሥት ነበር ቢባልም የተከፈለው ግን ከእርሱ እግር ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማግኘቱን ሁላችን እናውቃለን፤ በ1968 ግን ይህ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

በሩቅ አገር ስላለው ዘረኝነት ማጨብጨብ ቀላል ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፥ በኦሮሞ ሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለማሳየት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ እስከ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ድረስም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ለስሚዝና ለካርሎስ ያጨበጨቡ አንዳንድ ሰዎች ሯጭ ይሩጥ እንጂ ምን አገባው ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰው በፖለቲካው ሊለያይ ይችላል፥ ያን አልከለክልም፤ ነገር ግን በደልን ለመስማት የምንፈቅደው ከውቅያኖስ ማዶ ሲመጣ ብቻ ከሆነ ጆሮአችን ይመርመር።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ የተከበሩ አባት ወደ እኔ መጡ። ልጃቸውን የሚጠይቅ ወጣት ነበረ። «መምህር፥ ልጁስ ደግ ነው፤ አስተማሪ ነው፥ አይጠጣም፥ ሽማግሌም በወግ ልኳል፤ ብቻ አያቲቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች ይላሉ» አሉኝ። እኔም «እርስዎ ቤት ምጣዱን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። «አባቴ ሆይ፥ የሚጠይቁኝ የልጁን ጠባይ ከሆነ እመሰክርለታለሁ፤ የሚጠይቁኝ አጥንቱን ከሆነ ግን እኔ አጥንት የምቈጥርበት መጽሐፍ አልተሰጠኝም» አልኋቸው። የአመዱንና የኩባያውንም ነገር ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «እናቷን ልጠይቅ» ብለው ሄዱ። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፥ መልስም ገና አልተሰጣቸውም።