ቡናውን ማን ያፍላ?

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማለት በሕመም ወይም በጉዳት ከዕለት ተግባሩ የተለየን ሰው ወደ ተግባሩ የሚመልስ የጤና ሙያ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማኅበር ተደራጅቶ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችን ረድቷል። በአገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ለእኔ ግን ትርጉሙ የገባኝ ግምጃ ቤት፣ አያቴ ቤት ነው።

አያቴን ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ዛለ። እኛም «እምዬ፣ አንቺ ዐረፍ በይ» እያልን እናለብሳታለን፣ እናጎርሳታለን፣ ቡናውንም እናፈላለን። አንድ ቀን «በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጋችሁኝ» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በክፍል እንደተማርኩት አሠራሩን ለወጥን። ስትለብስ የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፤ ስታወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ሲኒው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍን። በርጩማዋን ከፍ አደረግን፤ ጀበናውንም በትንሽ ቀየርንላት። የዛለው እጅ ረከቦቱን ደገፍ ያደርጋል፤ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ግን ከእሳት ይርቃል።

እጇ እንደ ድሮው አልሆነም። ቡናውን የምታፈላው ግን እሷው ናት፤ እኛ ቁጭ ብለን እንጠጣለን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሽተኛ ስናስታምም ሥራውን አንቀማው፤ የሚሠራበትን መንገድ እንፈልግለት።