የዛፍ ቍስል

ሰው እጁን በቢላዋ ቢቈርጥ ደሙ ይፈሳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ቍስሉ ይደርቃል፥ አዲስ ሥጋም ይተካል። የዛፍ ነገር እንዲህ አይደለም። የዛፍ ቍስል ይሸፈናል እንጂ አይድንም። የተቈረጠው እንጨት እንደ ተቈረጠ ይቀራል፤ ዛፉም በቍስሉ ዙሪያ አዲስ እንጨትና አዲስ ቅርፊት እያበቀለ በብዙ ዓመት ይከድነዋል። ክዳኑ ቶሎ ከገጠመ ዛፉ በደኅና ይኖራል። ካልገጠመ ግን ብስባሴ ገብቶ ውስጡን ይበላዋል።

ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ባለው ደጋ አገር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። በዚያ አገር ብርዱ ጽኑ፥ ነፋሱም ብርቱ ነው። ሳንቃ በር ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ነውና ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል። በብርድ አገር ዛፍ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አያት የተከለውን ዛፍ የልጅ ልጅ ይጠለልበታል። በአንድ ቀን የሚቈረጠው በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

ዛፍ ለቤት ብዙ ሥራ ይሠራል። ነፋስን ይሰብራል፤ ሥሩም የተዳፋቱን አፈር የክረምት ጐርፍ እንዳይወስደው ይይዘዋል። ጥድ ለምሰሶና ለአጥር ይሆናል። በወይራ ጭስ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። የኮሶ አበባም ከጥንት ጀምሮ ለሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል።

ነገር ግን የዛፍ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው፤ የመጀመሪያ አገሩም አውስትራልያ ነው። እርሱ ቢቈረጥ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ከጕቶው አይመለስም፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፉም አዲስ ቅጠል አያወጣም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ መቍረጥ የለመደ እጅ ጥድን እንደዚያው ሊቈርጠው አይገባም።

አንድ ባለ ቤት በደጁ ትልቅ ጥድ ነበረው እንበል። አንዱ ቅርንጫፍ በጣራው ላይ ቢያዘነብል፥ በችኰላ ምሳር አንሥቶ ከላይ ወደ ታች ቈረጠው። ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሳያልቅ በገዛ ክብደቱ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሲወድቅም የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ወረደ። ሰውዬው ጣራው ስለ ተረፈ ደስ አለው፤ ቍስሉንም በጭቃ መርጎ ተወው። ጭቃ ግን ብስባሴን አያግድም። ከብዙ ዓመት በኋላ ዛፉ በውጭ አረንጓዴ፥ በውስጥ ባዶ ሆነ። አንድ ሌሊት ዐውሎ ነፋስ ተነሣና ግንዱ ተሰብሮ በቤቱ ላይ ወደቀ። የቤቱ ሰዎች ለለቅሶ ወደ ጎረቤት ሄደው ነበርና ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቤቱ ግን ፈረሰ። ጎረቤቶቹ ሁሉ፦ ቤቱን ነፋስ አፈረሰው አሉ። ሥራውን የጀመረችው ግን ያች የችኰላ ምሳር ናት።

ዐዋቂ ቈራጭ እንዲህ አያደርግም፤ ትልቅ ቅርንጫፍን በመጋዝ ሦስት ጊዜ ይቈርጣል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቅርንጫፉን ከታች ወደ ላይ እስከ ሲሶው ይቈርጠዋል። ሁለተኛ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ አልፎ ከላይ ወደ ታች ይቈርጣል፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይልጥ ይወድቃል። ሦስተኛ በግንዱ ላይ የቀረውን ቍራጭ ያነሣዋል። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ስፍራ እንደ ቀሚስ አንገትጌ ያበጠ ቀለበት አለ። ዐዋቂው ይህን ቀለበት አይነካም፤ ከእርሱ ወጣ ብሎ ይቈርጣል እንጂ። ቍስሉን የሚከድነው አዲስ እንጨት ከዚያ ይወጣልና። ቍራጩን አስረዝሞ መተውም መልካም አይደለም፤ ደርቆ ይበሰብሳል፥ ክዳኑም እንዳይገጥም ይከለክላል።

ይህን ነገር አሜሪካዊው የዛፍ ሊቅ አሌክስ ሺጎ ገልጦ አስተማረ። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1930 እስከ 2006 ዓመተ ምሕረት የኖረ ሰው ነው። ብዙ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መረመረ፤ ዛፍም የቈሰለውን ክፍል ከደኅናው ለመለየት በውስጡ እንደ ግንብ ያለ አጥር እንደሚሠራ አሳየ።

ልጅ መጋዝ አይይዝም፥ በትልቅ ዛፍም ላይ ወጥቶ አይቈርጥም፤ ነገር ግን ዓይን አለው። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ቢበቅል፥ ግንዱ ቢሰነጠቅ፥ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ዛፍ ወደ ቤት ቢያዘነብል፥ ለአባቱና ለእናቱ ይንገር። እነርሱም በገዛ እጃቸው ከመድፈር ይልቅ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ይጥሩ።

ደግሞም ልጅ ለገመድ ብሎ የደጁን ዛፍ ልጥ አይላጥ፤ ፍየልና አህያም በግንዱ ላይ አይሰር፤ ከሥሩም እሳት አያንድድ። ቅጠል የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፥ ዛፉም ይሞታል።

አበው፦ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ትንሹን ቍስል በጊዜው ያየ ሰው ትልቁን ጥፋት ያስቀራል። በሬ ቢታመም ያቃስታል፤ ሕፃንም ቢያመው ያለቅሳል፤ ዛፍ ግን ቢቈስል ዝም ይላል። ስለዚህ ቍስሉን ያየ ሁሉ ይናገርለት።

ጥያቄ።
1. የሰው ቍስልና የዛፍ ቍስል በምን ይለያያሉ?
2. ባሕር ዛፍና ጥድ ከተቈረጡ በኋላ ምን ይሆናሉ?
3. ዐዋቂ ቈራጭ መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ የሚቈርጠው ስለ ምንድር ነው?
4. በደጅህ ካለው ዛፍ ላይ ምን ምልክት ብታይ ለወላጆችህ ትነግራለህ?