ኮብራ ስለምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ

ለአስተማሪዎችና ለማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት። በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፤ የዚህ ዐይነት መርከብ ስለ ምን ተሠራ

በ1866 ዓ.ም. ሮበርት ዋይትሄድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ቶርፔዶን ሠራ። ቶርፔዶ ማለት በውሃ ውስጥ በራሱ ሞተር እየሄደ መርከብን ሲነካ የሚፈነዳ መሣሪያ ነው። ከዚህ በኋላ ቶርፔዶ የያዘች አንዲት ትንሽ ጀልባ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ታላቅ የጦር መርከብ ለማስጠም ቻለች። የእንግሊዝ የባሕር ኃይልም እነዚህን ጀልባዎች አሳድዶ የሚያጠፋ ፈጣን መርከብ አስፈለገው። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ሃቮክ የምትባለው መርከብ ወደ ውሃ ወረደች፤ የዐይነቷም ስም «አጥፊ» ተባለ። ፍጥነቷ 26 ኖት ያህል ነበረ። አንድ ኖት በሰዓት 1852 ሜትር መሄድ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ተርባይን

የቀድሞዎቹ መርከቦች ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ስለ ነበረ፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቍጥር መርከቢቱን እጅግ ያንቀጠቅጣት ነበር። ቻርልስ ፓርሰንስ የተባለው መሐንዲስ ግን በ1884 ዓ.ም. ተርባይንን ሠራ። በተርባይን እንፋሎቱ ብዙ ክንፍ ያለውን ዘንግ ይመታል፤ ዘንጉም ሳይመላለስ እንደ ወፍጮ መዘውር ይዞራል። በሰኔ 1897 ዓ.ም. የንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት በዓል ሲከበር፤ ተርቢኒያ የምትባለው የፓርሰንስ ትንሽ መርከብ በተሰለፉት የጦር መርከቦች መካከል በ34 ኖት ሮጠች። ያየ ሁሉ ተደነቀ።

ከዚህ በኋላ ተርባይን ያላቸው ሁለት አጥፊ መርከቦች ተሠሩ፤ ስማቸውም ቫይፐርና ኮብራ ነው፤ ሁለቱም የእባብ ስሞች ናቸው። ቫይፐር ከ36 ኖት በላይ ሮጣ በዘመኗ ወደር አልተገኘላትም። ነገር ግን በነሐሴ 3 ቀን 1901 ዓ.ም. በልምምድ ላይ ሳለች በጉም ምክንያት በኦልደርኒ ደሴት አጠገብ ካለ ዐለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ሰዎቿ ግን ሁሉም ዳኑ።

ሦስተኛ፤ የኮብራ ጕዞ

ኮብራን የሠራት የአርምስትሮንግ ኩባንያ ነው። ኩባንያው መንግሥት ሳያዘው በራሱ ገንዘብ ሠራት፤ የባሕር ኃይሉም በ1900 ዓ.ም. ገዛት። ርዝመቷ 68 ሜትር ያህል ሲሆን ስፋቷ ከ6 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበረ።

በመስከረም 17 ቀን 1901 ዓ.ም. መሣሪያዋን ለመቀበል ከታይን ወንዝ ተነሥታ ወደ ፖርትስመዝ ጕዞ ጀመረች። የባሕር ኃይሉ ሰዎችና ተርባይኑን የሚያውቁ የፋብሪካ ሠራተኞች አብረው ተሳፍረው ነበር። በሌሊት ማዕበል ተነሣ። በማግሥቱ ጧት፤ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 8 ቀን 1894 ዓ.ም.፤ መርከቢቱ በሊንከንሻየር ጠረፍ ፊት ለፊት ከመካከሏ ተሰብራ ለሁለት ተከፈለች። 67 ሰዎች ሞቱ፤ አዛዡ ሌተናንት ቦስዎርዝ ስሚዝም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በትንሽ ጀልባ ተሳፍረው የዳኑት 12 ብቻ ናቸው። የኮብራ አገልግሎት በዚሁ በአንድ ጕዞ ተፈጸመ።

አራተኛ፤ ስለ ምን ተሰበረች

አስተማሪው ነገሩን በዐይን ለማሳየት ቢፈልግ አንድ ቀጭን ሸምበቆ ይውሰድ። ጫፎቹን በሁለት ድንጋዮች ላይ አሳርፎ መካከሉን ቢጫነው፤ ሸምበቆው ወደ ታች ይጐብጣል። አንዱን ድንጋይ ከመካከሉ ሥር አድርጎ ሁለቱን ጫፎች ቢጫን ደግሞ፤ መካከሉ ወደ ላይ ይጐብጣል። በማዕበል ላይ ያለች ረዥም መርከብም አንድ ጊዜ ጫፎቿ በሁለት ሞገዶች፤ አንድ ጊዜ መካከሏ በአንድ ሞገድ ይደገፋሉ። ስለ ፍጥነት ሲባል ብረቷ የሳሳ እንደ ሆነ ይህን መመላለስ አትችለውም።

የጦር ፍርድ ቤቱ ነገሩን መርምሮ፤ መርከቢቱ መሬት አልነካችም፤ በመንገድ አመራርም ስሕተት አልተገኘም፤ የተሰበረችው አሠራሯ ደካማ ስለ ነበረ ነው ብሎ ፈረደ። መገዛቷም የሚያሳዝን መሆኑን ገለጠ። መሐንዲሶቹ ግን በፍርድ ብቻ አልረኩም። ዉልፍ የምትባለውን ሌላ አጥፊ መርከብ ውሃው በሚቀዳ መትከያ ውስጥ አግብተው፤ አንድ ጊዜ በመካከሏ፤ አንድ ጊዜ በጫፎቿ እየደገፉ የብረቷን መሳብ ለኩ። ብረቱን የሚጫነው ኃይል በስሌት ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ፤ ስለ ኮብራ የተነሣው ክርክር በቶሎ አልተዘጋም።

አምስተኛ፤ ከአደጋው በኋላ

ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውሃ የወረዱት፤ በወንዞች ስም የተጠሩት አጥፊ መርከቦች፤ ፊታቸው ከፍ ያለ፤ አካላቸውም የጠነከረ ነበር። ፍጥነታቸው ወደ 25 ኖት ቢወርድም በክፉ ባሕር ላይ ለመሄድ የተሻሉ ሆኑ። ተርባይኑም ጥፋት ስላልተገኘበት አልተጣለም፤ በ1906 ዓ.ም. ድሬድኖት የምትባለው ታላቅ የጦር መርከብ በተርባይን ተንቀሳቀሰች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መማር ይገባል። ብርታት ያልደገፈው ፍጥነት ባለቤቱን ያጠፋል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜም አዲሱን ጥበብ ሁሉ ከመኰነን ይልቅ፤ የትኛው ክፍል እንደ ደከመ ለይቶ መመርመር ይበልጣል።

ጥያቄዎች

1. አጥፊ መርከብ የተሠራው ስለ ምን ነው?
2. ተርባይን ከቀድሞው ሞተር በምን ይለያል?
3. በመንደራችሁ ካለው ድልድይ ወይም የቤት ምሰሶና ወራጅ፤ እንደ ሸምበቆው የሚጐብጠው የትኛው ነው? ስለ ምን?